ውሃ የሚጠጣው ስቱኮ

የከተማችን ጋራዦች ጣሊያንኛ ይናገራሉ። አጋነንሽ የሚለኝ ካለ የተጋጨች መኪና ይዞ ይግባና ጆሮውን ይስጥ። ኮፈኑ ይነሳል፣ ፓራፋንጎው ይወጣል፣ ላሜራው ይመታል፣ ከዚያ ስቱኮ ይገባለታል። ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራው፣ ማርሚታው ሁሉ ከአንድ ቤት የመጡ ቃላት ናቸው። የፋሺስት ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲያበቃ ሠራዊቱ ወጣ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። «ባትላሜራ» የምንለው ባለሙያ እንኳ ስሙ በጣሊያንኛ «ላሜራ መቺ» ማለት ነው።

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ ስቱኮ ነው። ጣሊያኖች ዘንድ ስቱኮ ከጥንት የግድግዳና የጣሪያ ማስዋቢያ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ የግድግዳ ስንጥቅ የሚደፍነውም፣ የበር እንጨት የሚያለሰልሰውም፣ የመኪና ጉድጓድ የሚሞላውም ያው ስቱኮ ተባለ። ለቋንቋችን ችግር የለውም፤ ለኪሳችን ግን አለው። የመኪና ስቱኮ እየተባሉ በሚሸጡት ነገሮች መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ፤ አንዱ ውሃ ይጠጣል፣ አንዱ አይጠጣም። የጠጣው ደግሞ ውሃውን ለራሱ አያስቀረውም፤ ከሥሩ ላለው ብረት ያቀብለዋል።

መቼም እዚህ አገር መኪና አይጣልም። ቮልሷም፣ ላዳዋም፣ ዲኤክሷም ስንት ባለቤት ቀያይረው ዛሬም ይሄዳሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እናም ያለችው አሮጌ መኪና እየተቀጠቀጠች፣ እየተሞላች፣ እየተቀባች ትኖራለች፤ ዋጋዋም አይቀንስም። ሰው የዕቁብ ብሩን ከዘመድ ብድር ጋር ደምሮ የሚገዛት ይህችን ነው። ቀለሙን አይቶ ይገዛል። ከቀለሙ ሥር ያለውን የሚያውቀው የሞላው ሰው ነው፤ እሱም ገበያው ላይ የለም።

ታሪኩ ከብረቱ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አካል እንደ ፈረስ ሠረገላ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ የሚሠራ ነበር። ኤድዋርድ በድ የተባለ የፊላደልፊያ ባለ ፋብሪካ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አካል በብዛት ለዶጅ ወንድማማቾች ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 ገደማ ነው። ግን የዚያ ዘመን ፋብሪካ ትልቅ ላሜራ በአንድ ጊዜ መጭመቅ አይችልም። ጄኔራል ሞተርስ እንኳ ከአንድ ወጥ ብረት የተጨመቀ ጣሪያ ይዞ የመጣው በ1935 ሞዴሎቹ ነው። ስለዚህ አካሉ ከቁርጥራጭ ይበየዳል፤ ብየዳው ደግሞ እንደ ልብስ ስፌት ይታያል። ስፌቱን መደበቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ እኔን የገረመኝን ልንገራችሁ። መሙያ የጋራዥ ፈጠራ ይመስለን የለ? ፋብሪካም ይሞላ ነበር! የዚያ ዘመን ገዢ ከመሸጫው አዲስ መኪና ይዞ ሲወጣ፣ የጣሪያው ምሰሶ ከኋለኛው ላሜራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀድሞውኑ የተሞላ ነው። የተሞላውም በእርሳስ ነው።

(እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ስሙ ብቻ ነው እንጂ ውስጡ እርሳስ የለም። ከእርሳሱ ጋር ይቀላቀል የነበረው ቆርቆሮም ጣሪያ የምንመታው አይደለም፤ ነጭ ለስላሳ ብረት ነው፣ በብየዳ ሥራ የታወቀ። አማርኛችን በብረታ ብረት ስም ትንሽ ይቆጥባል።)

በጣም የሚዘወተረው ቅልቅል 30 በመቶ ቆርቆሮና 70 በመቶ እርሳስ ነበር። ይህ ቅልቅል እንደ ውሃ በአንድ ጊዜ አይቀልጥም። በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መለስለስ ይጀምርና እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ድረስ እንደ ቅቤ ሆኖ ይቆያል። የባለሙያው እጅ የሚፈተነው በዚህ መካከል ነው። መጀመሪያ ላሜራውን አንጽቶ በቆርቆሮ ይለብጠዋል። ከዚያ የእርሳሱን ዘንግ በእሳት እያለሰለሰ፣ በሞራ ወይም በሰም በተቀባ ጠፍጣፋ እንጨት ላሜራው ላይ እየገፋ ያለብሰዋል። እሳቱ ትንሽ ከበዛ እርሳሱ ተንጠባጥቦ መሬት ይወርዳል፤ ካነሰ አይያያዝም። ሲቀዘቅዝ በሞረድ ይስተካከላል። ጣሪያ ሥርም ሆነ ቀጥ ባለ በር ላይ እርሳስ ሳያንጠባጥብ የሚያለብስ ሰው በሙያው የተከበረ ነበር፤ ለዚያ ደረጃ ለመድረስም ዓመታት ይፈጃል።

በዚህ መንገድ የተሞላ ላሜራ ውሃ አይፈራም። ብረት ከብረት ጋር ተጣብቋል፤ በመሃላቸው ለእርጥበት የሚሆን ክፍተት የለም። ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሁለቱ አብረው ይለጠጣሉ፣ አብረው ይሰበሰባሉ። ከሰባና ሰማንያ ዓመት በፊት የተሞሉ መኪኖች ዛሬ ቀለማቸው ሲገፈፍ እርሳሱ እንዳለ ይገኛል። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ይሠሩ የነበሩት ሳምና ጆርጅ ባሪስ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የወጡትን የሜርኩሪ መኪኖች ጣሪያቸውን እየቆረጡ ዝቅ አድርገው፣ ስፌቱን ሁሉ በእርሳስ እየሞሉ ስም አተረፉ። እንዲህ ዓይነቷን መኪና ወጣቱ በክብደቷ ምክንያት «የእርሳስ ተንሸራታች» ይላት ነበር። ዛሬም ቢሆን አሮጌ መኪና ወደ ጥንት ይዞታዋ የሚመልሱ አንዳንድ ባለሙያዎች ከእርሳስ አልተላቀቁም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ለምን ተተወ? አንደኛው ምክንያት መርዝነቱ ነው። እርሳስ ሲሞረድና ሲፈጭ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል። ፋብሪካዎች የእርሳስ ማስተካከያ ክፍሉን ከሌላው ለይተው እስከመዝጋት ደርሰዋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ደንብ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከ200 ማይክሮ ግራም ወደ 50 ማይክሮ ግራም በኪዩቢክ ሜትር አወረደው። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካዎች ስፌቱን በፕላስቲክ ሽፋን መደበቅን ወይም በነሐስ መበየድን መረጡ። ጋራዡ ግን ደንቡን አልጠበቀም። እሱ እርሳስን የተወው ቀደም ብሎ፣ በሌላ ምክንያት ነው፤ ጊዜና ገንዘብ።

ካርልተን ኤሊስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1930ዎቹ ፖሊስተር የተባለውን ፈሳሽ ሙጫ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ ሙጫ ከመስታወት ጭረት ጋር ተዋሕዶ የአውሮፕላን ራዳር መሸፈኛ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሥራ ፈላጊው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ሙጫውም ሥራ ፈለገ። ጀልባ ተሠራበት፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣችው ኮርቬት ሙሉ አካሏ ከእሱ ተሠራ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጦርነቱ ተሳታፊ የነበረውና ማያሚ ውስጥ የመኪና አካል ጥገና የከፈተው ሮበርት ስፒንክ ሙጫውን ከታልክ ዱቄት ጋር አቡክቶ ቦንዶ አለው። ስሙ አሜሪካ ውስጥ የሁሉም ስቱኮ መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2007 ስሪ ኤም ገዝቶታል። እንግሊዞች በበኩላቸው አይሶፖን የሚባለውን ያውቃሉ፤ ቁጥሩ ፒ 38 የሆነው ለጉድጓድ መሙያ፣ ፒ 40 የሆነው የመስታወት ጭረት ያለበት ለቀዳዳ።

አሠራሩን ጋራዥ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከቆርቆሮው ጣሳ ትንሽ ይዛቅና ከትንሿ ቱቦ ቀይ ወይም ሰማያዊ ማድረቂያ ጠብ ይደረግበታል። ሁለቱ ሲታሹ ስታይሪን የተባለው ፈሳሽ ከፖሊስተሩ ጋር ተሳስሮ ይጠነክራል፤ በሩብ ሰዓት ግድም ለብርጭቆ ወረቀት ይደርሳል። እሳት አያስፈልግም። ዓመታት መማርም አያስፈልግም። ለእርሳስ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ሥራ በስቱኮ ከምሳ በፊት ያልቃል። ይህን ተአምር ያየ ጋራዥ ወደ እሳቱ ይመለስ ኖሯል? እኔም ብሆን አልመለስም።

ችግሩ ታልኩ ላይ ነው። ታልክ ማለት ለሕፃናት ገላ ይነሰነስ የነበረው፣ እርጥበት መጥጦ ቆዳን የሚያደርቀው ድንጋይ ዱቄት ነው። ስቱኮውን በቀላሉ እንዲፈቀፈቅ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ርካሽ የሚያደርገውም እሱ ነው። ፖሊስተሩ ሲደርቅ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀሩበታል፤ በእነሱ የገባ እርጥበት ከታልኩ ጋር ይሰነብታል። ከላይ ቀለም አለ፣ አይወጣም። ስለዚህ ወደ ታች፣ ወደ ላሜራው ይሄዳል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ያብጣል። ያን ጊዜ ስቱኮው ከላሜራው ይላቀቅና ቀለሙ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል እብጠት ብቅ ትላለች። ባለቤቱ «ቀለሙ አስቀያሚ ነበር» ይላል። ምስኪን ቀለም!

ሌላም አጋጣሚ ነበር። የአሜሪካና የካናዳ ከተሞች የክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በብዛት መበተን የጀመሩት ከጦርነቱ ወዲህ ነው። ውሃ የሚጠጣው ስቱኮና ጨው ያለበት ውሃ በአንድ ዘመን ተገናኙ ማለት ነው። ሚኒያፖሊስ ወይም ቶሮንቶ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ እንዴት እንደ ቆሎ እንደሚረግፍ ቢጠየቁ ብዙ ይናገራሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልጨምር። ውሃው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። በስቱኮ ዘመን የተጎደጎደ ላሜራ ለማውጣት የተለመደው ዘዴ በትራፓኖ መብሳት ነበር። ጉድጓዱ ላይ ተራ በተራ ይበሳል፤ ጫፉ ላይ ብሎን ያለው ሳቢ ዘንግ ይገባና ላሜራው ይጎተታል። ሲስተካከል ቀዳዳዎቹ ላይ ስቱኮ ይቀባል። ከፊት ሲያዩት ያማረ ነው። ከኋላ፣ በበሩ ሆድ ውስጥ፣ ስቱኮው በየቀዳዳው ብቅ ብሎ ጠንክሯል፤ በመስታወቱ ጠርዝ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በቀጥታ ያርሰዋል። በፊት ለፊት ምን ዓይነት ምርጥ ቀለም ቢቀባ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። በኋላ የመጣው መሣሪያ ትንሽ ሚስማር ላሜራው ላይ በኤሌክትሪክ አጣብቆ ይጎትትና ሚስማሩን ቆርጦ ይጥላል፤ ሳይበሱ መሥራት ተቻለ። መብሳቱ ግን እጅ ለለመደው ሰው ይቀላል።

እንግዲህ «ውሃ የማያስገባ» ተብለው የሚሸጡት ስቱኮዎች በሙሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ እርሳስ ይዞት የሄደውን ነገር ለማስመለስ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። አንደኛው የመስታወት ጭረት ያለበት ፖሊስተር ነው። ቃጫ የመሰሉ ጭረቶች አሉት፤ ከተራው ስቱኮ ይጠነክራል፣ ውሃ የመምጠጥ ልማዱም ያነሰ ነው። ግን ለመፈቅፈቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ከሥር እሱ ይደረግና ከላይ በስሱ ተራው ስቱኮ ይጎበኘዋል። ሁለተኛው በታልክ ፋንታ የአሉሚኒየም ዱቄት የገባበት ነው፤ ሲደርቅ ብር ይመስላል፣ እርሳስ ለለመዱ ሰዎች ደስ የሚል ነው፣ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ሦስተኛው ኤፖክሲ ነው፤ በእኔ ግምት ከሦስቱ ለእርሳስ የሚቀርበው። ኤፖክሲን ፒየር ካስታን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በ1930ዎቹ አገኘው፤ ሲባ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 አራልዳይት ብሎ ለገበያ አቀረበው። ከብረት ጋር አጥብቆ ይያያዛል፤ ውሃ ከፖሊስተር በጣም ባነሰ መጠን ያስገባል። የጀልባ ሰዎች ይህን በራሳቸው ኪሳራ ተምረውታል፦ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የፖሊስተር ጀልባዎች ከውሃ በታች ባለው አካላቸው እንደ ፈንጣጣ አረፋ ሲያወጡ፣ ጥገናው የተሠራው በኤፖክሲ ነበር። እንከኑ ትዕግሥት መጠየቁ ነው። ለመድረቅ ሰዓታት ይወስዳል፤ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «መቼ ይደርሳል?» በሚልበት ጋራዥ ውስጥ ሰዓታት ብዙ ናቸው።

ባለሙያዎች አንድ የቆየ ክርክር አላቸው። የድሮው ሕግ ስቱኮ በተፈቀፈቀ ራቁት ብረት ላይ ይቀባ ይላል። አዲሱ ሕግ መጀመሪያ ብረቱን በኤፖክሲ ፕራይመር ሸፍን፣ ስቱኮውን ከእሱ በላይ አድርግ ይላል። ስቱኮው ውሃ ቢጠጣ እንኳ ውሃው ብረቱን አያገኘውም፤ በመሃል ግድግዳ አለ። እኔ ለአዲሱ አደላለሁ፤ ፋብሪካዎቹም ወደዚያው የሄዱ ይመስለኛል። ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አውዲ በ1980ዎቹ ላሜራቸውን በዚንክ መለበጥ ሲጀምሩ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ብረቱ ከውሃ ጋር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ። ያ ዚንክ በጋራዥ ግራይንደር ሲፋቅ ግን የሚመልሰው የለም።

ወደ እኛ ልመለስ። ክረምት አለን፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የማይቆም። ብዙ ጋራዥ ጣሪያው ግማሽ ነው፤ ስቱኮው በጠዋት ይቀባል፣ ከሰዓት ዝናብ ይነካዋል፣ በማግስቱ ይፈቀፈቃል። አንዳንዱ አቧራው እንዳይነሳ ብሎ ስቱኮውን ውሃ እያርከፈከፈ ይፈቀፍቃል፤ ሰው ገና ሳይነዳት መኪናዋ ጠጥታ ትወጣለች ማለት ነው። አንቲረስት ተቀብቶ ለሳምንት ያለ ቀለም የምትቆመውም እንዲሁ ናት፤ አንዳንዱ የፕራይመር ዓይነት ራሱ ውሃ ያሳልፋል። ማድረቂያውም በዓይን ነው የሚለካው። ትክክለኛው ልክ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ነው። ብርድ ሲሆን «ቶሎ ይድረቅ» ተብሎ ይጨመራል፤ የበዛው ማድረቂያ በኋላ በቀለሙ ውስጥ አልፎ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል። ሲያንስ ደግሞ ስቱኮው ሳይበስል ይቀራል።

አቧራውን ካነሳሁ ዘንድ፦ እርሳሱ የሄደው በመርዝነቱ ነው ብለናል፤ የተካው ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ስታይሪን ራስ ያዞራል። ብናኙም ሳንባ አይምርም። በአንድ ሽርፍራፊ ጨርቅ አፉን አስሮ ቀኑን ሙሉ የሚፈቀፍቅ ልጅ አይታችሁ ይሆናል፤ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ሽማግሌ የሚመስለው። ጭምብል ለመግዛት ከአንድ ጣሳ ስቱኮ የሚበልጥ ገንዘብ አያስፈልግም።

መኪናዋን ሊያስመታ የሚሄድ ሰው ታዲያ የቱን ስቱኮ ልግዛ ከማለቱ በፊት ጉዳቱን ማየት አለበት። ላሜራው ጎድጉዶ ብቻ ከሆነና ሳይበሳ ከወጣ፣ ከፕራይመር በላይ በስሱ የተቀባ ተራ ስቱኮ ይበቃዋል፤ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ባይዘል ጥሩ ነው። ስፌት ወይም ብየዳ ካለበት፣ ወይም ጎማ ውሃ የሚረጭበት የታችኛው ክፍል ከሆነ፣ ለጭረት ያለበት ወይም ለአሉሚኒየሙ መክፈል ያዋጣል። ጊዜ ያለው ኤፖክሲ ይጠይቅ። ዝገት በልቶት የተቦደሰ ከሆነ ግን የትኛውም ጣሳ አይረዳውም፤ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድለታል። ቀዳዳ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ስቱኮ የሚቀባ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ይህ ሁለት ጊዜ ያማል። የቱም ይሁን የቱ፣ ከኋላ ያለው ፊት በሰም ወይም በዘይት ነክ መከላከያ ካልተሸፈነ፣ የበሩ ሥር ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎችም በስቱኮ ወይም በጭቃ ከተደፈኑ፣ የተከፈለው ሁሉ በአንድ ክረምት ይሄዳል።

ለመግዛት የምትሄዱ ደግሞ ማግኔት ያዙ። የፍሪጅ በር ላይ ከሚለጠፉት አንዷ ትበቃለች፤ ቀለም እንዳትቧጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልሏት። ማግኔት ስቱኮን አይዝም፤ የአሉሚኒየሙንም አይዝም። ጣሪያው ላይ ሞክራችሁ ጉልበቷን ልመዱ፤ ጣሪያ ብዙ ጊዜ አይነካምና። ከዚያ የበሮቹን የታችኛውን ስፋት፣ ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን ቅስት፣ ከፊት ጎማ ኋላ ያለውን የፓራፋንጎ ጫፍና የኋላ መስታወቱን ሥር ተከተሉ። ስስ ስቱኮ ላይ ትንሽ ትላላለች እንጂ አትወድቅም፤ እሱ ግድ የለም። ስትወድቅ ግን የቦታውን ስፋት በጣታችሁ ለኩ፣ በሩን ከፍታችሁ ከውስጥ በእጃችሁ ዳሱ፣ ደላላው ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ቢጠይቅም አትመልሱለት።